ተማሪው ሳይት ከመግባቱ በፊት፦ በስልክ የሚሠራ የስድስት ሳምንት የኢንተርንሺፕ ዝግጅት

አንድ ተማሪ ነበረኝ። ሪኢንፎርስድ ኮንክሪት ላይ ኤ ያመጣ ጎበዝ ልጅ ነው። ኢንተርንሺፕ በወጣ በሦስተኛው ቀን ያለበትን ሳይት ለማየት ሄድኩ። ፎርማኑ "ልጄ፣ እስቲ እስታፋውን ቁጠርልኝ" አለው። ልጁ ቆሞ ቀረ። ፎርማኑን አየ፣ እኔን አየ፣ መሬቱን አየ። እስታፋ ማለት ክፍል ውስጥ "ስተራፕ" እያልን ስንስለው የከረምነው፣ ዋና ዋናዎቹን ብረቶች ዙሪያቸውን አቅፎ የሚይዘው ብረት መሆኑን የነገረው ሰው የለም። ፎርማኑ ሳቀ። ቀን ሠራተኞቹም ሳቁ። ልጁ ሼም ይዞት ቀኑን ሙሉ መጋዘኑ አጠገብ ቆሞ ዋለ።

ጥፋቱ የእኔ ነው። ኦሪየንቴሽን ብዬ አዳራሽ ሰብስቤያቸው ሁለት ሰዓት ሙሉ ያወራሁት ስለ ሎግቡክ (የዕለት ሥራ መዝገብ) አሞላልና ስለ ነጥብ አሰጣጥ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ዝግጅቱን ወደ ስልካቸው አመጣሁት። ከዚህ በታች የምጽፈው አሠራሩን ነው። የምጽፈው ለመምህራንና ለኢንተርንሺፕ አስተባባሪዎች ነው፤ ተማሪም ቢያነበው አይከፋም። ምሳሌዎቼ ከሲቪል ምህንድስና ናቸው፣ የማውቀው እሱን ስለሆነ። አካውንቲንግ የምታስተምሩ ፎርማኑን በካሸር፣ ነርሲንግ የምታስተምሩ ሳይቱን በዋርድ ተኩት። አካሄዱ አይለወጥም።

ከመጀመራችን በፊት ግን አንድ ነገር። ኦንላይን ማስተማር ሲባል ብዙዎቻችን ሌክቸሩን ቀርጾ መጫን ይመስለናል። ተማሪው ቲዎሪውን አንዴ ተምሮታል። የመውጫ ፈተና ከ2015 ጀምሮ ስላለ ደግሞ ተመልሶ ያጠናዋል። ስለዚህ በዚህ ዝግጅት ውስጥ ቲዎሪ አታስገቡ። ስልኩ ላይ መግባት ያለበት ሳይት ላይ የሚያሳፍራቸው ነገር ነው።

1. አምና የወጡትን ጠይቁ

ተማሪዎቹ ሊወጡ ስድስት ሳምንት ሲቀራቸው በጉግል ፎርም አጭር መጠይቅ አዘጋጁና ያለፈው ዓመት ኢንተርኖች ላሉበት ግሩፕ ላኩ። ጥያቄው ከአምስት አይብለጥ፦

- በመጀመሪያው ሳምንት ሰው ሲናገር ሰምታችሁ ያልገባችሁ ቃል ምንድን ነው?
- መጀመሪያ የተሰጣችሁ ሥራ ምን ነበር?
- ማንን ጠየቃችሁ? ለመጠየቅስ ያፈራችሁት ምንድን ነው?
- ክፍል ውስጥ ተምራችሁት ሳይት ላይ በሌላ መንገድ ሲሠራ ያያችሁት ነገር አለ?
- እንደገና ብትወጡ ምን ይዛችሁ ትሄዱ ነበር?

"ኢንተርንሺፑ እንዴት ነበር?" ብላችሁ እንዳትጠይቁ። "በጣም አሪፍ ነበር፣ ብዙ ተምሬበታለሁ" የሚል መልስ ታገኛላችሁ፤ እሱ ደግሞ የትም አያደርሳችሁም። ሁለተኛው ጥያቄ ብቻውን ወርቅ ነው። እኔ ስጠይቅ ብዙዎቹ የጻፉት ዲዛይን ወይም ሱፐርቪዥን ሳይሆን "ፌሮ መቁጠር"፣ "የሲሚንቶ ገቢና ወጪ መመዝገብ"፣ "ቴክኦፍ መሥራት" (የሥራውን መጠን ለክቶ ማስላት) የሚል ነበር። እኛ እነዚህን ክፍል ውስጥ አንድ ክፍለ ጊዜ እንኳ ሰጥተናቸው አናውቅም።

መጻፍ የሰለቸው ካለ በቴሌግራም በድምፅ ይላክ። እንዲያውም በድምፅ የመጣው የተሻለ ነው፤ ሰው ሲያወራ የማይጽፈውን ይናገራል።

2. መሣሪያ ከመምረጣችሁ በፊት ኪሳቸውን እዩ

ብዙ መልካም ሐሳብ የሚሞተው እዚህ ላይ ነው። መምህሩ ቢሮው ባለው ዋይፋይ ዙም ይከፍታል፤ ተማሪው ዶርም ውስጥ የ25 ብር ፓኬጅ ይዞ ይገባል። በአሥረኛው ደቂቃ ግማሹ ወጥቷል፣ ሌላው "ይሰማል?" "አይሰማም" ይባባላል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ መምህሩ ራሱ ይወጣል።

መጀመሪያ በክፍል ተጠሪዎቹ በኩል ሦስት ነገር አጣሩ። ላፕቶፕ ያለው ስንት ነው? ስማርት ስልክ የሌለው አለ ወይ? ስልኩ ላይ ክፍት ቦታ ያለውስ? የመጨረሻው ጥያቄ ትንሽ ይመስላል፤ ግን ሜሞሪው በፊልም የሞላ ስልክ አንድ ፒዲኤፍ እንኳ አያወርድም።

እኔ ከዚህ በኋላ የቀረሁት በሦስት ነገር ብቻ ነው። ለዕለት ተዕለቱ ቴሌግራም፣ መልስ ለመሰብሰብ ጉግል ፎርም፣ ለረጅም ጊዜ ለሚቀመጠው ደግሞ ሙድል፣ ማለትም የዩኒቨርሲቲው የኦንላይን መማሪያ ገጽ። አራተኛ ስትጨምሩ ተማሪው የቱ ጋ ምን እንዳለ ይጠፋበታል።

ቴሌግራምን የመረጥኩት ስለምወደው አይደለም፤ ተማሪው እዚያ ስላለ ነው። ግሩፑን ስትከፍቱ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ "ቶፒክስ" የሚለውን አብሩት። "ማስታወቂያ"፣ "ጥያቄ"፣ "የሳምንቱ ሥራ"፣ "ወሬ" ብላችሁ ክፈሉት። "ወሬ" የሚለውን አትዝለሉት። ካልሰጣችኋቸው በማስታወቂያው ውስጥ ያወራሉ።

ሙድል ያላችሁ ደግሞ አንድ ነገር ሞክሩ። ኩዊዝ ስታዘጋጁ በሞባይል አፑ ያለ ኢንተርኔት እንዲሠራ የሚፈቅድ ምርጫ አለ። እሱን ካበራችሁት ተማሪው ዋይፋይ ባለበት ላይብረሪ አውርዶ ዶርም ገብቶ ይሠራል፤ ኔት ሲያገኝ መልሱን ይልካል።

ቪዲዮ ከሠራችሁ ከሦስት ደቂቃ አትብለጡ፤ ጥራቱንም 360 ላይ አድርጉት። ከባድ ፋይል በቀን አትልቀቁ። ቴሌግራም ላይ መልእክት በሰዓት ቀጥራችሁ መላክ ትችላላችሁ፤ የሌሊት ፓኬጅ የሚገዛው ተማሪ ያኔ ያወርደዋል። ስማርት ስልክ ለሌለው ከጓደኛ ጋር ማጣመር ነው፤ የሁለቱን ሥራ አንድ አድርጋችሁ ተቀበሉ። በፍላሽ መስጠትም አያሳፍርም።

3. የሳይት መዝገበ ቃላት በኩዊዝ

ከመጠይቁ የመጡትን ቃላት ሰብስቡ። የእኔ የመጀመሪያ ዝርዝር 40 ቃላት ነበሩት። ብረቱ ፌሮ ነው፣ ብረት የሚያስረው ሰው ፌራዮ፣ ስተራፑ እስታፋ፣ ኮንክሪቱ አርማታ፣ ስላቡ (ጠፍጣፋው የኮንክሪት ወለል ወይም ጣሪያ) ሶሌታ፣ ለሁለት ተይዞ ጭነት የሚመላለስበት ባሬላ፣ ጣሪያ ላይ የሚመታው እንጨት ሞራሌ። አብዛኛው የጣልያን ቅሪት ነው። በአንጻሩ ግድግዳ ቀጥ ማለቱ የሚታይበትን ቱንቢን በመጽሐፍ ቅዱስ ትንቢተ አሞጽ ምዕራፍ 7 ላይ ታገኙታላችሁ፤ ተማሪዎቼ ግን የሚያውቁት "ፕላም ቦብ"ን ብቻ ነበር።

ዝርዝሩን በፒዲኤፍ አትልቀቁት፤ ማንም አያነበውም። ኩዊዝ አድርጉት፦

- ቴሌግራም ላይ "ኩዊዝቦት" ብላችሁ በላቲን ፊደል ፈልጉ። ተመሳሳይ ስም ያላቸው ብዙ ስላሉ የማረጋገጫ ምልክት ያለውን ክፈቱ።
- አዲስ ኩዊዝ ፍጠር የሚለውን ነክታችሁ ርዕስ ስጡት።
- ከጥያቄው በፊት ፎቶ ላኩ። ፎቶው ከሳይት በስልክ የተነሳ ይሁን። የመማሪያ መጽሐፍ ሥዕል ከሆነ ትርጉም የለውም።
- ጥያቄና አማራጮች ጻፉ፣ ትክክለኛውን ምልክት አድርጉ፣ ማብራሪያ የሚለው ቦታ ላይ አንድ መስመር ጨምሩ።
- ለአንድ ጥያቄ 30 ሰከንድ ስጡ፤ የጥያቄዎቹም የመልሶቹም ቅደም ተከተል እንዲቀያየር አድርጉ።
- ወደ ግሩፑ ላኩትና ማታ 2 ሰዓት ላይ አብረው ይሥሩት።

በአንድ ኩዊዝ ከአሥር ጥያቄ አትብለጡ፤ በሳምንት ሁለት ይበቃል። ውጤቱ በደረጃ ስለሚወጣ ፉክክሩ ራሱ ይገፋቸዋል። ነጥብ አትስጡበት። ነጥብ ያለበት ነገር ላይ መልሱ በሌላ ግሩፕ ሲዞር ያመሻል።

ከቃላቱ ጋር ቁጥርም ቀላቅሉ። ለምሳሌ፦ "ባለ 12 ሚሊ ሜትር ፌሮ፣ ርዝመቱ 12 ሜትር። ስንት ኪሎ ይመዝናል?" ዲያሜትሩን በራሱ አባዝቶ ለ162 ማካፈል የአንድ ሜትሩን ክብደት ይሰጣል፤ 144 ለ162 ሲካፈል 0.89 ገደማ ነው። በ12 ሲባዛ 10.7 ኪሎ ያህል ይሆናል። ይህችን በቃሉ የሚያውቅ ኢንተርን መኪና ሲራገፍ የሚጠራ ሰው ይሆናል።

4. ዶርሙን ለኩ

ይህ የዝግጅቱ ልብ ነው፤ ሁለት ሳምንት ስጡት።

ሥራው እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ተማሪ የሚኖርበት ሕንፃ ላይ አንድ ኮለን (ምሰሶ) ይመርጣል። በሜትር ይለካል፣ በወረቀት ላይ ቴክኦፍ ይሠራል፣ ፎቶ አንስቶ "የሳምንቱ ሥራ" ውስጥ ይለጥፋል። ኮለኑ 30 በ30 ሆኖ ቁመቱ 3 ሜትር ነው እንበል። 0.30 በ0.30 በ3.00 ሲባዛ 0.27 ሜትር ኩብ ነው። ሲ-25 በሚባለው የጥንካሬ ደረጃ ኮንክሪት በሜትር ኩብ 360 ኪሎ ሲሚንቶ ተብሎ ከተያዘ 97.2 ኪሎ ይወጣል። አንዱ ከረጢት 50 ኪሎ ስለሆነ ሁለት ከረጢት ማለት ነው።

ስሌቱ ለአራተኛ ዓመት ተማሪ ምንም አይደለም። የሚከብደው ሌላ ነው። ሜትር ከየት ይመጣል? ልስኑን ቀንሶ ነው የሚለካው ወይስ ከነልስኑ? ቁመቱ የሚያዘው ከወለል እስከ ሶሌታው ነው ወይስ እስከ ቢሙ? ታይምሲንግ (ተመሳሳዩ ስንት ጊዜ እንደሚደጋገም) በሚለው አምድ ምን ይጻፋል? በመጀመሪያው ዓመት ከመጡት ፎቶዎች ግማሽ ያህሉ አምዶቹን አቀያይረው የሞሉ ነበሩ። የሳይት ኦፊስ ኢንጂነር እንዲህ ያለ ወረቀት ሲሰጠው ምንም ሳይናገር ያስቀምጠዋል፣ በማግስቱ ተማሪውን አይጠራውም።

የእናንተ ሥራ አስተያየት መስጠት ነው። ሰባ ተማሪ ላለው ሰው ይህ የማይቻል ይመስላል። መንገድ አለው። ከመጡት ውስጥ በየቀኑ አምስት ብቻ ምረጡ፣ ስክሪንሾት አንስታችሁ ስሙን ሸፍኑ፣ በስልክ መሳያ ስህተቱን በቀይ ክበቡ፣ በአንድ ደቂቃ ድምፅ አስረዱና ለሁሉም ልቀቁ። የአምስቱ ስህተት የሰባውም ስህተት ነው።

ሌላው ማስጠንቀቂያ። መጀመሪያ በወረቀት፣ ከዚያ በኤክሴል ወይም በጉግል ሺት። በተቃራኒው የጀመሩት ልጆች ቀመሩን ከጓደኛ ገልብጠው ቁጥር ብቻ ሲቀይሩ ነው ያገኘኋቸው።

ኤአይስ? ቴክኦፉን ለኤአይ ሰጥቶ የሚያሠራ ይኖራል። አትከልክሉ፤ ግን ኮለኑን ከሜትሩ ጋር ያነሳው ፎቶ ከሥራው ጋር ይምጣ በሉ።

5. አፋቸውን አፍታቱ

ተማሪዎቻችን መልስ ይችላሉ፤ መጠየቅ ግን ያቅታቸዋል። የቴሌግራም የድምፅ መልእክት ለዚህ የተሠራ ይመስላል። የአንድ ደቂቃ ድምፅ ከአንድ ሜጋባይት በታች ስለሆነ ኪስ አይጎዳም፤ ፊትም ስለማይታይ ዓይን አፋሩ ይሞክራል።

ሦስት ልምምድ ስጧቸው። የመጀመሪያው ድርጅት ደውሎ ቦታ መጠየቅ ነው። ከአርባ ሰከንድ አይበልጥም፤ ስም፣ ዩኒቨርሲቲ፣ ትምህርት ክፍል፣ ከመቼ እስከ መቼ፣ ደብዳቤውን ለማን ላምጣ። "ሄሎ፣ እ... ኢንተርንሺፕ ፈልጌ ነበር..." ብሎ የሚጀምር ስልክ ቶሎ ይዘጋል። ሁለተኛው ትእዛዝ ተቀብሎ መድገም ነው። እናንተ ፎርማን ሆናችሁ በፍጥነት ተናገሩ፦ "ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ሶሌታ ስለሚሞላ፣ ዛሬ ማታ ሲሚንቶውን ቆጥረህ፣ ሚክሰሩን አስፈትሸህ፣ ቫይብሬተር ሁለት መኖሩን አይተህ ንገረኝ።" ተማሪው አንዴ ሰምቶ የገባውን በራሱ ድምፅ ይመልሳል። ከሦስቱ አንዱን የሚረሳው ይበዛል፤ ማስታወሻ ደብተር ኪስ ውስጥ መያዝ ለምን እንደሚያስፈልግ ያኔ ይገባዋል።

ሦስተኛው ከሁሉም ይከብዳል፤ አለማወቅን ሳያፍሩ መናገር። ፎርማኑ ብዙ ጊዜ አባት የሚሆን ሰው ነው። ዲግሪ ባይኖረውም ሠላሳ ዓመት አርማታ ሞልቷል። "ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ይህ እስታፋ በስንት በስንት ርቀት ነው የሚታሰረው? ድሮዊንጉ ላይ አይቼዋለሁ፣ ግን ከእርስዎ መስማት ፈልጌ ነው።" እንዲህ ተጠይቆ የሚቆጣ ፎርማን አላየሁም። በእንግሊዝኛ ቃል ሊፈትነው የሚሞክረውን ተማሪ ግን ባሬላ ያስይዘዋል። ደግ አደረገ።

ሴት ተማሪዎችን በተመለከተ አንድ ነገር ጨምሩ። ሳይት ላይ ትንኮሳ ቢደርስ ለማን፣ በየትኛው ቁጥር እንደሚነገር ከመውጣታቸው በፊት በግል ይወቁ። ስም የማይጠይቅ የጉግል ፎርም አዘጋጁ፤ መልሱን የምታየው አንዲት ሴት መምህር ብትሆን ይመረጣል። ፎርሙ የኢሜይል አድራሻ እንዳይሰበስብ ሴቲንጉን ራሳችሁ አረጋግጡ።

6. ቦታ ፍለጋውና ወረቀቱ

አንድ የጋራ ጉግል ሺት ይበቃል። የድርጅቱ ስም፣ ከተማ፣ ምን ያህል ተማሪ እንደሚቀበል፣ ማን እንደጠየቀ። ሃምሳ ተማሪ አንድ ድርጅት እንዳያጨናንቅ ይረዳል። የትብብር ደብዳቤውን ከዩኒቨርሲቲ–ኢንዱስትሪ ትስስር ቢሮ ሲወስዱ በስልክ ስካን አድርገው በፒዲኤፍ ይያዙት። ገንዘብ ከፍለው ቦታ እንዲያገኙ የሚጋብዝ የቴሌግራም ቻናል ካገኙ ለእናንተ ያሳውቁ፣ አይክፈሉ። ሲቪ አንድ ገጽ።

7. ሶፍትዌርና ሰርተፍኬት

እዚህ ላይ ከብዙ ባልደረቦቼ ጋር አልስማማም። ተማሪ ሊወጣ ሲል አምስት ሶፍትዌር ለማስያዝ የሚሮጥ አለ። ለመጀመሪያው ወር ከኤክሴልና ድሮዊንግ ከፍቶ ከማንበብ በላይ የሚጠይቀው ሰው ብርቅ ነው። የንድፍ መሳያውን ኦቶካድ አምራቹ ኦቶዴስክ ለተማሪዎች በነፃ ይሰጣል፤ ተማሪነትን የሚያሳይ ማስረጃ ይጠይቃል፣ በየዓመቱም ይታደሳል። ለማረጋገጥ ቀናት ሊወስድ ስለሚችል በመጀመሪያው ሳምንት ያመልክቱ።

የነፃ ኦንላይን ኮርሶችም አሉ። ሐምሌ 2016 ላይ የተጀመረው 5 ሚሊዮን ኮደርስ ፕሮግራሚንግና ዳታ ሳይንስን የመሰሉ ኮርሶች ከሰርተፍኬት ጋር ይሰጣል። ሶፍትዌር ድርጅት ለሚወጣ ልጅ በጣም ጥሩ ነው። ሳይት ለሚወጣ ግን ከዶርሙ ኮለን አይቀድምም። ኮርሴራ በሚባለው የኦንላይን ኮርስ ድረ ገጽ ላይ መክፈል ለማይችል የገንዘብ ድጋፍ ማመልከቻ አለ፤ መልሱ ጊዜ ስለሚወስድ ለዚህ ዝግጅት አትጠብቁት።

8. ከወጡ በኋላ ግሩፑን አትዝጉ

ሎግቡክ እንዴት እንደሚሞላ ሁላችንም እናውቃለን። በመጨረሻው ሌሊት፣ በአንድ እስክሪብቶ፣ የአራት ወር ሥራ። "ዛሬ የኮንክሪት ሥራ ሲሠራ ተመለከትኩ" የሚል ዓረፍተ ነገር ስልሳ ጊዜ።

እኔ በየቀኑ የሚሞላ አራት መስመር ያለው ፎርም ሰጠኋቸው። ምን ሠራህ? ቁጥሩ ስንት ነው? ምን ስህተት አየህ ወይም ሠራህ? ነገ ማንን ምን ትጠይቃለህ? ፎርሙ የተላከበትን ቀንና ሰዓት ራሱ ስለሚመዘግብ በመጨረሻው ሌሊት መሙላት አይቻልም። "ቁጥሩ ስንት ነው" የሚለው ሁሉንም ይለውጠዋል። "ኮንክሪት ተሞላ" ሳይሆን "18 ሜትር ኩብ ተሞላ፣ 6 ኪዩብ ናሙና ተወሰደ፣ የ7 እና የ28 ቀን ጥንካሬው እንዲፈተሽ" ይጻፋል። ሪፖርት ሲደርስ ግማሹ ተጽፎ ያገኙታል።

ሳይቱ ላይ ኔትወርክ ከሌለ ቴሌግራም ውስጥ ለራሳቸው ይጻፉ፤ ኔት ሲመጣ ገልብጠው ይሞሉታል። ፎቶ በፎርሙ አትሰብስቡ። ጂሜይል ገብቶ መላክ ይጠይቃል፣ የእናንተንም ድራይቭ ይሞላል። በቴሌግራም ይላኩ። ፎቶ ከማንሳታቸው በፊት ግን የሳይት ኢንጂነሩን ያስፈቅዱ፤ የክፍያ ሰርተፍኬትና የዋጋ ዝርዝር በፍጹም አይነሳ። አንድ ጊዜ የአንድ ተቋራጭ ነጠላ ዋጋ በግሩፓችን ተለጥፎ ይቅርታ ስጠይቅ ከርሜአለሁ።

ዓርብ ማታ እያንዳንዱ የሁለት ደቂቃ ድምፅ ይላክ። ሁሉንም መስማት ካቃታችሁ በአምስት ቡድን ከፍላችሁ በየሳምንቱ አንዱን ቡድን ስሙ። ዝም ያለውን ልጅ ግን ደውሉለት። በእኔ ልምድ ሁለት ዓርብ ያልላከ ተማሪ ወይ ታሟል፣ ወይ ሳይት መሄድ አቁሟል፣ ወይ ሻይ ሲያመላልስ ይውላል።

ባለፈው ዙር አንዲት ተማሪ ከአዳማ የአራት ሰከንድ ድምፅ ላከች። "መምህር፣ ዞኮሎ ምንድን ነው? አሁኑኑ ንገሩኝ፣ ሰውየው ቆሞ እየጠበቀኝ ነው።" የግድግዳው ግርጌ ላይ የሚለጠፈው መሆኑን ከእኔ በፊት ሌላ ተማሪ ከሐዋሳ መለሰላት። በማግስቱ የቆመችበትን ክፍል ዞኮሎ ለክታ ፎቶ ላከች፤ 41ኛው ጥያቄ ሆኖ ኩዊዙ ውስጥ ገባ።